እስከ እታለም ደጅ የሚያደርስ ጎማ

የአባቴ መኪና ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነው። ከከተማችን ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር ባለው አስፋልት ላይ ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጣ ስለምትይዝ አባቴ ይመካባት ነበር። ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ያችን ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማታንስ ነጭ የቤት መኪና ገዛና «ከእንግዲህ ጭነቴ እናታችሁ ብቻ ናት» አለን። እናቴ «ኩንታል አደረገኝ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችበት።

ችግሩ ያለው ከገሳይ በላይ ነው። ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ገሳይ ከደረሱ በኋላ ወደ ጉና የሚታጠፍ ጥርጊያ አለ። ድንችና ገብስ የሚያወርዱ የጭነት መኪኖች ሲመላለሱበት ግራና ቀኙ ጎድጉዶ መሐሉ እንደ አህያ ጀርባ ጎብጦ ቀርቷል። ጥርጊያው የሚያልቅበት ቦታ የአባቴ ታላቅ እህት ቤት ነው። ትልቁም ትንሹም እታለም ነው የሚላቸው። እናታቸው የሞተችው አባቴ በእግሩ ሳይጠና ስለነበር አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባቴ ዛሬም ድረስ አንቱ ይላቸዋል፤ ፊታቸው ሲቀመጥ እግሩን አያነባብርም።

ጡረታ በወጣበት ዓመት ያችን መኪና ይዞ ሊጠይቃቸው ሞክሮ ነበር። ከግማሽ መንገድ ሳያልፍ አንድ ድንጋይ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበትን ኮፓ ፈነከተው። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ገሳይ ወረደች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ገሳይ እያቆመ ቀሪውን በእግሩ ወይም በሰው በቅሎ ይወጣ ነበር። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ መሄዱን እያራቀ መጣና በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ በስልክ ሆነ።

በስልክ ነው የሰማነውም። የእታለም ልጅ፣ አብሯቸው የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፣ አንድ ቀን ደውሎ «እናቴ ደጅ የቆመን ሰው በድምፁ ካልሆነ አትለይም። ትናንት በጉን ጥጃ ነው ብላ ልታስር ነበር» አለን። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ አባቴ ግን አልሳቀም። ስልኩን ለእኔ፣ ለሴት ልጁ፣ ሰጠኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ በቤታችን ከጉንፋን እስከ ወገብ ስብራት የሚጠየቀው ለእኔ ነው። ስለ ዓይናቸው ጠያየቅሁት። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር እንደሚታይ፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደሚብስባቸው ነገረኝ።

«የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። «ከሆነ ይነሣል። ይውረዱና ይታዩ።»

መውረዱ ላይ ነው ነገሩ የተቋጠረው። እታለም ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው «በምን ልውረድ ልጄ?» አሉኝ። «በቅሎ ላይ ወጥቼ ገደሉን ሳላይ?»

«ጎበዞቹ በቃሬዛ ያወርዱዎታል፣ እታለም።»

«ቃሬዛ!» አሉ። «ከዚህ በቃሬዛ የወረደ ሁሉ ተገንዞ ነው የተመለሰው። ነፍሴ ሳትወጣ ቃሬዛ ላይ አልተኛም።»

በጭነት መኪናም አስበን ነበር። ጋቢናው ከፍ ያለ ነው፣ ጉልበታቸው አያወጣቸውም፤ ከኋላ ድንቹ ላይ ደግሞ አባቴ አይደለም እህቱን፣ ድንቹንም እዚያ ሲያይ ያዝናል። የሰው መኪና ተከራይተን እናምጣቸው ስለው ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እንቢ ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ያህል በጓሮ ሲንቆራጠጥ ሰነበተና አንድ ማለዳ መኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። መዳፉን ከሆዷ ሥር አስገብቶ ከመሬት ያላትን ርቀት በጣቱ እየለካ ነበር።

«ጎማ እቀይርላታለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ትልቅ ጎማ።»

ወደ ባትላሜራው ሄድን። የተጋጨ መኪና ላሜራ የሚያቃና፣ የሚበይድ፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የእኔ እኩያ ሙስሊም ነው፤ ልጅ ሆነን አንድ ክፍል ተምረናል። አባቴን እንደ አባቱ ነው የሚያየው። አሳቡን ሲሰማ መኪናዋን ዞሮ አያትና «ትልቅ ጎማ ብቻውን አይሆንም። ሞላዋን ጭምር እናንሣላት። ከሞላው በላይ ብረት አስገብቼ ገላዋን ከፍ ላድርገው፤ ያኔ የፈለጉትን ጎማ ይክተቱ» አለ።

«አይሆንም» አለ አባቴ።

«ለምን?»

«ያ መንገድ ወደ ገደል ያዘነብላል። ትንሽ መኪና ወገቧ ከፍ ሲል ጭንቅላቷ ይወዛወዛል። የተገለበጠ መኪና ብዙ አይቻለሁ። ደግሞ እህቴ እግራቸውን አንሥተው መግባት አለባቸው።»

ባትላሜራው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላዋል» አለ። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ እንደ ጃንጥላ የሚያለብሰው ላሜራ ነው። ሞላው፣ ማለትም ገላዋን ተሸክሞ የሚያነጥረው ጥምዝ ብረት፣ ሳይነሣ ትልቅ ጎማ ቢገባ፣ ጎማው በበለጠበት ልክ መኪናዋን የሚያነሣት ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ወደ ላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ይህን ያስረዳኝ መሬት ላይ በእንጨት ክብ ሠርቶ ነው። አባቴ ክቡን አየና «ሁለት ጣት ከፍ ካለችልኝ ይበቃኛል» አለ።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄዶ አራት ያገለገሉ ቸርኬዎች፣ ጎማ የሚለብሳቸውን የብረት ክቦች፣ ከነጎማቸው ጭኖ መጣ። ደስ ብሎታል። እናቴ ከቤት ወጥታ አንድ በአንድ አየቻቸውና «መኪናዋን በቅሎ ልታደርጋት ነው?» አለችው።

«በቅሎ ብትሆንልኝማ!»

ግቢያችን ውስጥ እንደ ከተማ ጋራዥ መኪና የሚያነሣ ማሽን የለም። ያለን ክሪክ ብቻ ነው። አፈሩ ልል ስለሆነ ክሪኩን ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አቆምነው፤ በኋላዎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ወሸቅን፤ ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናዋ የምታርፍበት የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ አጋደምን። የግንዱን ነገር አባቴ ሁለቴ ሦስቴ ነው የሚያየው። «ክሪክ ማንሣት ነው እንጂ መሸከም አይችልም» ይላል። የፊቱን አንድ ጎማ አወለቅንና አዲሱን አነሣን። የእኛም ቀዳዳው አራት ነው፣ የአዲሱም አራት ነው። ሁለቱ ቡሎኖች ገቡ። ሁለቱ አልገቡም።

«አዙረን እንሞክረው» አልኩ። አዞርነው። ያው ነው። በሌላው ቸርኬ ሞከርን። ያው ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከእኛዎቹ በትንሹ ይሰፋል። እናቴ እጇን አጣጥፋ ስታየን ቆየችና «ጨርቅ ነው እንዴ በመጎተት የሚገጥም?» አለች። አባቴ ቸርኬው ላይ ተቀመጠ። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ አመለጠው። ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲቀይር የኖረ ሰው፣ ቀዳዳ ቆጥሮ ርቀቱን ሳይለካ የገዛው በደስታ ነው።

ዳግም ሲሄድ ቅያሪ ጎማችንን እንደ መለኪያ ይዞ ነው። ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ ለወጠለት። እነዚህኞቹ ገጠሙ። አባቴ ቡሎኖቹን ሲያጠብቃቸው ትዝ ይለኛል፤ አንዱን ጠበቅ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጠበቅ፣ እየተሻገረ። መኪናዋን ከክሪኩ ስናወርዳት ከፍ ብላ ቆመች። አባቴ መዳፉን ከሥሯ አስገባ፤ እጁ ሳይነካ አለፈ።

ቀጥሎ መሪውን አዞረ። ግራ ሲያዞር ጭርርር አለ፤ ቀኝ ሲያዞር ደግሞ ከዚያ ለዘብ ያለ ድምፅ። ባትላሜራውን ጠራነው።

የቱ ጋ እንደሚነካ ለማወቅ የጎማዎቹን ጠርዝ በጠመኔ ቀባሁ። ከዚያ መኪናዋ ጭነት ሲኖራት ምን እንደምትሆን ማየት ነበረብንና እናቴንና ሁለት የጎረቤት ሴቶች ከኋላ አስቀመጥናቸው። አባቴ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ሴቶቹ በየጉድጓዱ እየዘለሉ ይስቃሉ። እናቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ኩንታልነቴ ለቁም ነገር ዋለ» አለችኝ። ሲቆሙ ሥራችን ቀላል ሆነ፤ ላሜራው ላይ ነጭ የታተመበት ቦታ ሁሉ ጎማው የሚነካበት ነው።

ከኋላ የነካው የፓራፋንጎውን ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ነበር። ባትላሜራው እንጨት ደግፎ በመዶሻ ቀስ እያለ ወደ ላይ አስተኛው፤ ቀለሙ እንኳ ብዙ አልተሰነጠቀም። ከፊት በውስጥ በኩል ያለውን ፕላስቲክ እኔ ራሴ ሰሌን ላይ ተንጋልዬ በቢላ ከረከምሁት። አንድ ቦታ ቀረ። የግራው የፊት ጎማ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የፓራፋንጎውን ታች ጥግ ይነካል።

«ይችን ጥፍር የምታህል ልቁረጣት» አለ ባትላሜራው የላሜራ መቀሱን ይዞ።

አባቴ እጁን ላሜራው ላይ አደረገ። «መቀስ አይነካትም» አለ። «ስትሠራ የተቀባችው ቀለም ነው ይሄ። አንድ ቀን ተጋጭታ አታውቅም።»

«አባባ፣ ከታች እኮ ነው። ማንም አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ።»

«ኩርባው ላይ ይጠይቅዎታል።»

«እኔ እስከ ጥግ አላዞርም።»

እኔም ለመንኩት፤ ምንም አልሆነም። ባትላሜራው መቀሱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ወደ ጉና ከመውጣታችን በፊት አባቴ መኪናዋን በአስፋልቱ ላይ ሲለማመዳት ሰነበተ። የጎማው ክብ ስለሰፋ የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንደሚያሳይ አወቀ። ዳገት ላይ ከዱሮው ቀደም ብሎ ማርሽ መቀነስ ነበረበት። ፍሬኗም ዘግየት እያለ ይይዝ ስለነበር ከሰው ኋላ እየራቀ መንዳት ጀመረ። «እንደ አዲስ ነው የተዋወቅነው» አለኝ አንድ ቀን ከወረታ ሲመለስ፤ ቅሬታ አልነበረበትም።

ክረምቱ ወጥቶ ጥርጊያው ሲደርቅ እኔና እሱ ተነሣን። እናቴ አልጋ ልታነጥፍ ቀረች። ገሳይ ስንደርስ ማለዳ ነበር፤ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ ተጠግቷል። ከዋናው መንገድ ስንታጠፍ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። ሊሰማት ፈልጎ ነው። እኔ ከመኪናዋ ወርጄ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ሾጣጣ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ወደ ዳር አንከባልላለሁ። ገብሱ በግራና በቀኝ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ዱሮ ኮፓው የተፈነከተበት ቦታ ስንደርስ አባቴ መኪናዋን አቆመና ወርዶ አየው። ድንጋዩ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ለእሱ ግን ነበረ። ተመልሶ ገባ፣ በዝግታ ነዳ፣ ጎባጣው ከሥሯ ያለ አንዳች ድምፅ አለፈ። መሪውን መታ መታ አደረገው።

መንገዱ ወደ ገደል የሚያዘነብልበት ቦታ ላይ ደግሞ «ራቅ ብለሽ ቁሚ» አለኝ። ቆምሁ። መኪናዋ ወደ ጎን ጋደል ብላ፣ እንደምትሽኮረመም ሴት ቀስ እያለች አለፈች። ያኔ ሞላውን አላስነሣም ያለበት ምክንያት ገባኝ።

ኩርባው ግን ጠየቀው። ወደ መንደሩ የሚያስገባው የመጨረሻው እጥፋት ጠባብ ነው። አባቴ ሰፋ አድርጎ ሊዞር ከወዲያኛው ጠርዝ ጀመረ፤ አልበቃውም። መሪውን እስከ ጥግ ሲያመጣው ያ የግራ ጎማ ጭርርር አለ። ፊቱ ጨፈገገ። ወደ ኋላ መለሰ፣ እንደገና ሞከረ፣ በሦስተኛው ዞረ።

እታለም ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምተዋል። ፊታቸው ወደ እኛ ነው፣ ዓይናቸው ግን ከራሳችን በላይ የሆነ ነገር ያያል። አባቴ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ጭንቅላቱን ይዘው አቀኑት።

«በምን መጣህ?»

«በመኪና፣ እታለም። በራሴ መኪና።»

«እስከዚህ?»

እጃቸውን ይዤ መኪናዋ ጋ አደረስኋቸው። ኮፈኗን ዳሰሱ፣ መስኮቱን ዳሰሱ፣ ዝቅ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ለኩት። «እግሯ አብጧል እንዴ?» አሉ። የአክስቴ ልጅና ሚስቱ በሳቅ ፈረሱ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጎማው ታሪክ ተናገረ፤ ከተሳሳተው ቸርኬ ጀምሮ። እታለም በጽሞና ሰሙት።

ከዚያ «ዛሬ ግን አልሄድም» አሉ።

አባቴ ደነገጠ። ሰማዩን አየ። ከጉና አናት ላይ ደመና ቢጤ ተቀምጧል። «እታለም፣ ዝናብ ቢመጣ መንገዱ ይያዛል።»

«ነገ ማርያም ናት። ዝክሬን ትቼ ዓይኔን ላሳይ?»

አደርን። በማግስቱ ጎረቤቶቹና የደብሩ ቄስ መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ቄሱ ከምርቃቱ በኋላ ደጅ ወጥተው መኪናዋን አዩ። «ከቤት መኪና ወገን እዚህ የወጣ አይቼ አላውቅም» አሉና መስቀላቸውን አንሥተው «መንገዳችሁን ያቅናላችሁ» ብለው ባረኩን። ደመናው በነፋስ ተገፍቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። አባቴ ጠላውን ሳይጨርስ ሰማዩን ደጋግሞ ሲያይ እታለም «ተቀመጥ ባክህ፣ በዓይንህ አትደግፈው» አሉት፤ ሳያዩት።

በሦስተኛው ቀን ጥዋት ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው። የመኪናዋ ደፍ ለጉልበታቸው ትክክል ሆነ፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ሌላው እግር። አንድ እጃቸው ከፊታቸው ያለውን ዳሽቦርድ እንደያዘ፣ ሌላው የአባቴን ክንድ እንደነካ ነው የወረዱት። እኔ ከኋላ የድንች ጆንያ አጠገብ ነኝ፤ ባዶ እጄን ከተማ አልገባም ብለው ነው ያስጫኑት።

ያ ጠባብ እጥፋት ላይ ስንደርስ ጎማው ዳግም ጮኸ።

«ምንድነው የሚያለቅሰው?» አሉ እታለም።

አባቴ አመነታ። «ጎማው ላሜራውን ነክቶ ነው። ትንሽ ጥግ አለች።»

«አትቆረጥም?»

«ትቆረጣለች።»

«ታዲያ ቁረጣታ! ላሜራ እኮ ነው ወንድሜ፣ ጆሮ አይደለም።»

አባቴ «እሺ» አለ። ይኸው ነው፤ እሺ። እኔና ባትላሜራው ግማሽ ቀን ለምነን ያላገኘነውን። ከተማ በገባን ማግስት፣ እታለም ከእናቴ ጋር ሲጨዋወቱ፣ መኪናዋን ይዞ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ጥጓ ተቆርጦ፣ ጠርዟ ተሞርዶ፣ ዝገት እንዳይዛት ቀለም ተቀብታ ተመለሰ። ባትላሜራው ምን አለህ ብዬ ብጠይቀው «ምንም» አለ። «ሳቀ ብቻ።»

ሆስፒታል ወረፋ ጠብቀን አስመረመርናቸው። የዓይን ሞራ ነበር፤ በሁለቱም ላይ። ሐኪሟ በመጀመሪያ የቀኙን እንሥራ አለች። ከኦፕራሲዮኑ ሲወጡ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ፣ «ሰውነቴን ሳያደነዝዙ ዓይኔን ብቻ አደነዘዙት፤ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ስለ ምሳ ነው የሚያወሩት» እያሉ ነው። ቤት ወስደን አሳደርናቸው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ እኔና አባቴ ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ሐኪሟ ጠብታ አደረገችላቸውና «ቀስ ብለው ይክፈቱ» አለቻቸው። ከፈቱ። መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ገልብጠው፣ መዳፉንም ጀርባውንም። ከዚያ ቀና አሉ። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።

«አንተ ማነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ድምፁን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ለብዙ ጊዜ አዩት። ድምፁ አላረጀም፤ እሳቸው በድምፁ ውስጥ ሲያዩት የኖሩት ገና ጠጉሩ ጥቁር የሆነውን ሰው ነበር።

«ምነው!» አሉ በመጨረሻ። «አባታችንን ሆነህ ጠበቅኸኝ?»

አባቴ ጎንበስ አለላቸው። እንባው ወረደ፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጠረጉለት፤ ሕፃን እንደሚጠረግ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ግን አላስቀሩኝም፤ «አንቺም ነይ እስቲ» ብለው ጠሩኝና ከራሴ እስከ እግሬ ካዩኝ በኋላ «ሽበት ጀምረሻል'ኮ፤ ማንም አልነገረኝም» አሉ። ሐኪሟ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን።

ጠብታው እስኪያልቅ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ፀጉር ቤት ሄዶ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ መጣ፤ እታለም አይተውት «አሁንም አባታችን ነህ፤ ጢም የሌለው» አሉት። ከእናቴ ጋር ገበያ ወጡ፣ የከተማችንን ደብር ቅኔ ማኅሌት ሥዕል አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ፣ ቴሌቪዥን አይተው ሰለቹት። ከዚያ «ቤቴ» ማለት ጀመሩ።

ስንመልሳቸው መንገዱን ሁሉ እያዩ ነው የሄዱት። ከገሳይ ወዲያ ያለው ዳገት ላይ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ባዩ ቁጥር የማን እንደሆነ ይጠይቁናል፤ እኛም አናውቅም። ጠባቡ እጥፋት ላይ አባቴ መሪውን እስከ ጥግ አዞረው፤ መኪናዋ በአንድ ጊዜ፣ ጭጭ ብላ ዞረች። በመስታወት አየኝና ዓይኑን መለሰ።

ደጁ ላይ የአክስቴ ልጅ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እልልታ ሆነ። እታለም እያንዳንዱን ሰው ፊቱን እያዩ ሳሙ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ። ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ።

«በማርያም! ይሄን ሁሉ ጥቀርሻ ስተነፍስ ነው የኖርሁት?»

ምራታቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ አይነካ ያሉት?»

«ያኔ መች አየሁት!»

እኛ ድንቹን ጭነን (አሁንም አላስቀሩንም) ደመናው ሳይወርድ ልንሄድ ስንሰናበት፣ እታለም ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ መጥረጊያ ይዘው የጣራውን ድር ሲያወርዱ ነበር። በአቧራው ውስጥ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልን። ሐኪሟ ስትሰናበታቸው ዓይን እንዳይነካ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላቸው ነበርና አባቴ ከመኪናው ወርዶ ተመለሰና መጥረጊያውን ተቀበላቸው። ሲነጥቁት፣ ሲቀማቸው፣ መልሰው ሲነጥቁት፣ ጥቂት ቆየን። በመጨረሻ መጥረጊያው ለአክስቴ ልጅ ደረሰ፤ እታለም ደግሞ ከበታቹ ቆመው «እዚያ፣ እዚያ፣ ከምሰሶው አጠገብ» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ።

ሁለተኛው ዓይን ገና አልተሠራም። ሐኪሟ ይሠራ ብላለች፤ እኔም በስልክ እወተውታቸዋለሁ። እሳቸው ግን «በአንዱ ያየሁት አልበቃ ብሎሽ ነው?» ይሉኛል። አባቴ በጋውን ሁሉ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ አንዳንዴ እሱ፣ አንዳንዴ ጉልበቱ ሲከፋበት መሪውን ለእኔ ሰጥቶ። የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ በአንድ ወገን መበላት ስለጀመረ በቅርቡ ከኋላዎቹ ጋር አቀያየርናቸው፤ ያው በክሪክ፣ ያው በሳንቃው ላይ፣ እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና እየሳቀችብን።